ምስክር አይጎዳ፤ ምስክርም አይጉዳ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ወጥቼ ነበር። ቀየት በምትባለው ቦታ የበልግ ዝናብ በመቅረቱ ገበሬው ምን ላይ እንዳለ ጠይቄ ለመጻፍ ነው የሄድኩት። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለመግለጽ ያህል፣ ከዚያ አንስቶ እስከ መንዝና ግሼ ያለው ደጋ ገብስና በግ የሚበዛበት፣ የበግ ፀጉር ተፈትሎ ባና የሚሠራበት ብርዳም አገር ነው። በብዙው ቦታ ኑሮ የተንጠለጠለው በበልግ ገብስ ላይ ነው። በልግ ከቀረ ወይም ቡቃያውን ውርጭ ከመታው የዓመቱ ቀለብ የለም ማለት ነው።

እዚያ አንዲት አሮጊት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀጉር ሲፈትሉ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ስሜን ነገርኳቸው። ስሜን ሲሰሙ ሙስሊም መሆኔን አወቁና «ቆሎ ሃይማኖት የለውም፤ ቁጭ በል ልጄ» ብለው የገብስ ቆሎ አቀረቡልኝ። ጥቂት ተጫውተን ካሜራዬን ሳወጣ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

«ተው ልጄ፤ አንድ ጊዜ ተነስቻለሁ፤ ይበቃኛል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ልጃቸውን አዝለው እህል ከሚሰፈርበት ቦታ ተሰልፈዋል። አንድ ፈረንጅ መጥቶ ካሜራ ፊታቸው ላይ ደገነ። ተሸፈኑ። አብሮት የነበረው አስተርጓሚ «ግለጪው፤ ካልታየ እርዳታ አይመጣም» አላቸው። ገለጡት። ልጁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። «ፎቶውን እስከ ዛሬ አላየሁትም» አሉኝ። «ለመሆኑ ማን አየው?»

መልስ አልነበረኝም። ካሜራዬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ አዲስ አበባ ገባ። የሰውን መከራ በካሜራ መዝግቦ ለዓለም ማሳየትን ሙያው ያደረገ ሰው ሥራው በጎ ሥራ ነው ወይስ በደል? ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ ለጋዜጠኛ ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ ሁላችንም ስልካችን ውስጥ ካሜራ ይዘን የምንዞር፣ የወደቀ ሰው ስናይ ከማንሳታችን በፊት የምንቀርጽ ሆነናል።

የሰብዓዊ መብት ዘጋቢ ፊልም ሲነሳ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ስም የአንድ ኬንያዊ ሙስሊም ስም ነው። መሐመድ አሚን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ከፑንጃብ የመጣ ሲሆን አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ልጅነቱን በታንጋኒካ ሲያሳልፍ ገና ተማሪ ሳለ ካሜራ ጨበጠ። ሃያ ዓመት ሲሞላው በዳሬሰላም ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1964 የዛንዚባርን አብዮት ቀረጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ዛንዚባር ታስሮ አንድ ወር ያህል በወህኒ ቤት ማቀቀ፤ ተደበደበም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬንያዊው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ ውስጥ በጥይት ሲመታ ደርሶ የመጨረሻ ደቂቃዎቹን የመዘገበው እርሱ ነው። ሐጅንም በካሜራው ለዓለም ያሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መካ ጉዞ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው።

ስሙን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ግን ኮረም ነው። መስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ ኢሠፓን መመሥረቱን ሲያበስር ወሎና ትግራይ፣ የሰሜን ሸዋም ደጋና ቆላ በረሃብ እየረገፉ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ ወሬው እንዳይወጣ ታፍኖ ቆየ። ከድግሱ በኋላ መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ወደ ሰሜን ሄደ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ፊልሙ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያም ከ400 በላይ በሚሆኑ ጣቢያዎች ተሠራጨ። በዓለም ዙሪያ የእርዳታ ዘመቻ ተነሣ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅትም የዚያ ፊልም ውጤት ነው። በዚያ ረሃብ የሞተው ሕዝብ ከ400 ሺሕ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ያ ፊልም ባይታይ ቁጥሩ ምን ያህል ይሆን እንደነበር አላህ ያውቃል።

እንግዲህ ይህ ሰው ምስክር ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ስለ ብድር ውል በሚናገርበት ሥፍራ ምስክሮች በተጠሩ ጊዜ እንቢ እንዳይሉ፣ ምስክርነትንም እንዳይደብቁ ያዛል፤ የሚደብቅ ሰው ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን ያስታውቃል። ዐዋቂዎች በዚህ ላይ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላለፉ ሐዲሦች ውስጥ ሳይጠየቅ መጥቶ የሚመሰክር ሰው በአንዱ ሲመሰገን በሌላው ይነቀፋል። ሁለቱን ለማስታረቅ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ ባለ መብቱ ምስክር እንዳለው የማያውቅ ከሆነ ሳይጠሩት የሚመጣው ምስክር የተመሰገነ ነው፤ ባለ መብቱ እያወቀ፣ ሳይፈልገው ዘሎ የሚገባው ግን የተነቀፈ ነው።

ይህን ሚዛን ኮረም ላይ ብናስቀምጠው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በዚያ ሜዳ ላይ በብርድ ሲጠበሱ የነበሩት ሰዎች ምስክር መጥራት አይችሉም ነበር። የሚጠሩበት ድምፅ አልነበራቸውም፤ መንግሥታቸውም እንዳይሰሙ ሸፍኗቸው ነበር። ስለዚህ መሐመድ አሚን ሳይጠሩት መሄዱ ትክክል ነው። ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ምስክርነት መታየት ብቻ አይደለም። ምስክር የሆነውን ሲናገር ማን እንዳደረገውም መናገር አለበት። የ1977ቱ ፊልም ለዓለም የደረሰው ከሰማይ እንደወረደ መቅሠፍት ተደርጎ፣ የጥንት መጻሕፍት እንደሚተርኩት ረሃብ ተደርጎ ነው። ጦርነቱ፣ ለጦር ሠራዊት የፈሰሰው ገንዘብ፣ የእህል ንግድ ክልከላው ከምስሉ ውጭ ቀሩ። ገንዘቡና እህሉ ሲጎርፍ ደርግ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙዎቹ በግድ ነበር የተጫኑት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር የፈረንሳይ ክፍል ይህን በይፋ በመቃወሙ እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ረሃቡን ያየው ዓለም ሰፈራውን በዚያው መጠን አላየም፤ ምክንያቱም እህል የሚፈልግ እጅ በካሜራ ሲታይ ያንን እጅ ያሠረው ሰንሰለት ብዙ ጊዜ አይታይም። ይህን ስል ሟቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ የካሜራን ወሰን ለማሳየት ነው።

ምስል ከቀራጩ እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደርስበት የሚያስተምረን ሌላም ታሪክ አለን። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዚያ ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለማሳየት ሞክረው ነበር። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ስለ ወሎው ስውር ረሃብ የሚናገር ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙ እርዳታም አስገኘ። ከዓመት በኋላ ደርግ ያንኑ ፊልም ወሰደና በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የንጉሡን ድግስና የውሾቻቸውን ሥጋ መጉረስ እያስገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በነጋታው፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የታየው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ሐሰት አልነበረበትም። ነገር ግን የወሎ እናት ለቁራሽ እንጀራ የዘረጋችው እጅ አንዱን መንግሥት አውርዶ ሌላውን ለማንገሥ ዋለ። የነገሠውም ከአሥር ዓመት በኋላ ያችኑ እናት ደብቆ ድግስ ደገሰ። እርሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ከውጭ የመጣ ካሜራን ብቻ ስናነሳ የራሳችንን ሰዎች እንዳንረሳ እሰጋለሁ። ሳሌም መኩሪያ በአሜሪካ የምትኖር፣ በዌልዝሊ ኮሌጅ ያስተማረች ኢትዮጵያዊት ፊልም ሠሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 «ስደት» በተባለው ፊልሟ ሱዳን ውስጥ የተሰደዱ ሴቶችን አናገረች። ቀጥሎ በሠራችው «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ ካሜራውን ወደ ራሷ ቤትና ወደ ራሷ ትውልድ አዞረች፤ የተማሪውን እንቅስቃሴ፣ ቀይ ሽብርን፣ በዚያ እሳት ውስጥ የጠፉ የቅርብ ሰዎቿን። ይህ ከባድ ምስክርነት ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ ምእመናን በራሳቸውና በወላጆቻቸው ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንዲመሰክሩ ሲያዝ ይህን ዓይነቱን ድፍረት መጠየቁ ነው። በሌላው ቁስል ላይ ካሜራ መደገን ይቀላል። የራስን ቤት ከፍቶ «እኛም እንዲህ ነበርን» ማለት ግን ለጥቂቶች የሚሰጥ ነው።

ድፍረት ካልን ዘንድ በዚሁ ቃል የተሰየመውን ፊልም ላንሳ። ዘጋቢ ፊልም ሳይሆን በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ድራማ ነው፤ ነገር ግን ለጥያቄያችን እጅግ ይቀርባል። አርሲ ውስጥ በጠለፋ የተወሰደች አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች። በሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በኩል መዓዛ አሸናፊ ቆመችላትና ራስን መከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች። ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት የቀድሞ ድንጋጌም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቀረ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ እንግዶች ከተሰበሰቡ በኋላ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ባለታሪኳ በሕይወት ነበረችና ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ነው የቀረበው የሚል አቤቱታ አቅርባ ነበር። በኋላ ነገሩ በስምምነት ተፈታ፤ ፊልሙም ታየ።

ያኔ ብዙ ሰው በዚህች ሴት ላይ ሲያጉረመርም እንደነበር አስታውሳለሁ። «ፊልሙ የሴት ልጆችን መብት የሚያስከብር ሆኖ ሳለ ለምን ታግደዋለች?» ነበር ነገሩ። እኔ ግን ዛሬ ሳስበው የሰብዓዊ መብት ትርጉም እዚያ ላይ የተፈተነ ይመስለኛል። ያለ ፈቃዷ ተወሰደች ተብሎ የሚታዘንላት ሰው ታሪኳስ ያለ ፈቃዷ ሊወሰድ ይገባል? ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለተከራካሪዎቹ ትተን፣ ጥያቄው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። ከላይ በጠቀስኩት የዐዋቂዎች ሚዛን ብንለካው ባለ መብቱ በሕይወት ያለ፣ የሚታወቅ፣ ሊጠየቅም የሚችል ሰው ሲሆን ምስክሩ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት የእርሱን በር ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ እያንዳንዱን ሰው አስፈቅደን እንዴት ግፍን እናጋልጣለን? ግፈኛው እስኪያልፍ እንጠብቅ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስ ነፃነትን ሲያረጋግጥ በአንቀጽ 24 ደግሞ የሰው ሁሉ ሰብዓዊ ክብርና መልካም ስም እንዲከበር ደንግጓል። ሁለቱ በአንድ ሰው ፊት ላይ ሲጋጩ ምን ይደረግ?

መልሱን ያገኘሁት የብድር ውልን በሚመለከተው በዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው። አንቀጹ ወደ መጨረሻው ላይ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ሲናገር የተጠቀመበት የዐረብኛ ግሥ በሁለት መንገድ እንደሚፈታ ሙፈሲሮች ያስረዳሉ። በአንዱ አፈታት ጸሐፊና ምስክር ጉዳት አይድረስባቸው ማለት ነው። በሌላው ደግሞ ጸሐፊና ምስክር ጉዳት አያድርሱ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይይዛል።

የመጀመሪያውን በመሐመድ አሚን ሕይወት እናየዋለን። ደርግ ከወደቀ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ለመቅረጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ። አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ በወራት ውስጥ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ዕድሜው 53 ነበር። አላህ ይዘንለት። ምስክር እንዳይጎዳ ማድረግ የኅብረተሰብና የመንግሥት ዕዳ ነው፤ ካሜራ የያዘን ሰው የሚያስርና የሚደበድብ ባለ ሥልጣን ምስክርነትን ከሚደብቀው ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛው አፈታት ግን የእኛ የባለ ሙያዎቹ ዕዳ ነው፤ ስለዚህም ስለ ራሴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ በነበረ የተፈናቃዮች መጠለያ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ስታለቅስ አነሳሁ። ፈቃድ የጠየቅኩት የመጠለያውን አስተባባሪ ነበር፤ እርሷን አልነበረም። ፎቶው ያኔ በምሠራበት ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ «ተፈናቃይ እናት» የሚል ተጻፈበት። የሥራ ባልደረቦቼ አመሰገኑኝ። ከሳምንት በኋላ አንድ ዘመዷ ስልክ ደወለ። ሴትየዋ በአገሯ የታወቀች ነጋዴ፣ ለሌላው የምትተርፍ ሰው ነበረች። «እኛ ስትረዳን እንጂ ስታለቅስ አይተናት አናውቅም፤ ለልመና የወጣች አስመሰላችኋት» አለኝ። ስሟን ጠየቀኝ። አላውቀውም ነበር። እንባዋን ወስጄ ስሟን ሳልጠይቅ ሄጃለሁ።

በሃይማኖታችን የሰውን ገመና መሸፈን ትልቅ ምንዳ አለው። ግፍን መደበቅ ግን ገመና መሸፈን አይደለም። መሸፈን ያለበት የተበዳዩ ፊት ነው፤ መገለጥ ያለበት የበዳዩ ሥራ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠነዋል። የተራበው ሰው የጎድን አጥንቱ ሳይቀር ይታያል፤ ያስራበው ሰው ስሙ እንኳ አይነሳም።

ስለዚህ የሰብዓዊ መብት ፊልም ሠሪም ሆነ ጋዜጠኛ ምስሉን እንደ አማና ሊይዘው ይገባል እላለሁ። አማና የባለቤቱ ነው፤ የተሸካሚው አይደለም። ባለቤቱ መናገር ከቻለ ይጠየቃል። መናገር ካልቻለ፣ እንደ ኮረሙ ጊዜ፣ ምስክሩ በእርሱ ቦታ ሆኖ «ይህ የእኔ እናት ፊት ቢሆን እንዲህ አሳየው ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። የሆነውን ሲያሳይ ያደረገውንም ይናገራል። ከታየ በኋላም ተመልሶ ይሄዳል፤ ያየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተገኘበት ለባለቤቱ ይነግራል። ይህ የመጨረሻው የሚቀል ይመስላል፤ እስካሁን ግን ከሁሉም ያነሰ የተሠራበት እርሱ ነው። የቀየቷ እናት አርባ ዓመት የጠበቁት መልስ ይህ ነበር።

ከመሄዴ በፊት የነገሩኝን ከማስታወሻዬ አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙ። «ልጁ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «አራት ቀን ነው» አሉ። «በአራተኛው ቀን ማለዳ ነው።» አረምኩት።

«ቃሌን ውሰድ፤ ፊቴን ተው» አሉኝ ሲሸኙኝ።

እንዳሉት አድርጌያለሁ። ይህች ጋዜጣ ስትወጣ አንድ ቅጂ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ የሚያነብላቸው ሰው ከሌለም እኔው አነብላቸዋለሁ፤ ኢንሻአላህ። ቢያንስ በዚህኛው ጊዜ ማን እንዳየው ያውቃሉ።

ወላሁ አዕለም።